መንገድ የማይጠፋው ጀግና

በሜሪላንድ በምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ታዳጊዎችን ሰብስቤ ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ አጫውታለሁ። ለዚህ ጨዋታ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ባለ 20 ገጹን ጨምሮ የተለያዩ ዳይሶችና ምናብ ይበቃሉ። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል። መሪው የሆነውን ይተርካል፤ ልጆቹ «እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ፤ ነገሩ ሲያጠራጥር ዳይሱ ይፈርዳል። አዲስ የመጣ ልጅ ታሪኩ የት እንደደረሰ ከመጠየቁ በፊት ግን «የእኔ ሰውዬ ምን ይችላል?» ይለኛል።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ልዩ ችሎታ የሌለው ገጸ ባሕርይ ስም ብቻ ነው። ልጆቹ ግን ችሎታን የሚመዝኑት በሚጥለው ጠላት ብዛት ሲሆን፣ እኔ የምመዝነው ለተጫዋቹ በሚያመጣው ምርጫ ነው። ምርጫ የሚያሳጣ ችሎታ የቱንም ያህል ኃያል ቢሆን ባለቤቱን ያሰለቻል።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነኝ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው አምስተኛ እትም ውስጥ ያለው ዱር አዋቂው ሬንጀር ነው። ሬንጀር በመረጠው መልክዓ ምድር፣ ጫካ ነው እንበል፣ ሲጓዝ ቡድኑን ከአስማት በቀር መንገድ የሚያስተው የለም። አስቸጋሪ መሬት አያዘገያቸውም። ምግብ ፍለጋ ሲወጣም እጥፍ ያገኛል። ሲነበብ ያጓጓል። ጨዋታው ሲጀመር ግን የመጥፋት ስጋቱ፣ የስንቁ ቁጠባ፣ የትኛው መንገድ ይሻላል የሚለው ክርክር ሁሉ «ሬንጀር አለን፤ ደረስን» በሚል አንድ ቃል ያልቃል። ሬንጀርን የመረጠችው ልጅ ዱሩን ፈልጋ ነበር የመጣችው፤ ችሎታዋ ዱሩን ከጨዋታው አወጣባት። ታሪኩ ወደ በረሃ ከዞረ ደግሞ ያው ችሎታ ምንም አይፈይድላትም። አሳታሚዎቹም ይህ ሳይገባቸው አልቀረም፤ በ2020 ምትክ አቀረቡለት፣ በ2024 በተሻሻለው መጽሐፍ ደግሞ ከነጭራሹ ተዉት።

ከዚህ ጋር የሌባውን፣ የሮጉን፣ ስውር ጥቃት አስተያዩት። በመጀመሪያው ደረጃ ጉዳቱ ላይ አንድ ባለ 6 ገጽ ዳይስ ይጨምራል፤ 19ኛ ደረጃ ላይ አሥር ይደርሳል። እንዲያው አይገኝም ግን። ወይ ሮጉ ሁለት ዳይስ ጥሎ ትልቁን የሚወስድበት ብልጫ ማግኘት አለበት፣ ወይ ሌላ የዒላማው ጠላት ከዒላማው በ5 ጫማ ውስጥ መቆም አለበት። በአንድ ተራም ከአንድ ጊዜ በላይ አይሠራም። ስለዚህ ሮግ የያዘ ዝምተኛ ልጅ ሳይወድ በግዱ አፉን ይከፍታል፦ «አንተ ጋሻ ያለህ፣ እስኪ ከጎኑ ቁምልኝ!» ሕጉ ብቸኛውን ሌባ ከሰው ጋር አስተሳሰረው።

ዘፋኙ ባርድ ከዚህም ያልፋል። ሸላይ ለዘማች ወኔ እንደሚሰጠው ሁሉ፣ ባርድ አንድ ዳይስ ለጓደኛው ይሰጣል፤ ጓደኛውም በጨነቀው ሰዓት ያን ዳይስ ውጤቱ ላይ ይደምራል። የሚጨበጨበው ለተቀባዩ ቢሆንም ማን እንደሰጠው ሁሉም ያውቃል። ቁጡው ተዋጊ ባርቤሪያን ሲቆጣ ዱላም ስለትም ግማሹን ብቻ ይጎዳዋል፤ ቁጣው እስኪበርድ ግን አስማት መሥራት አይችልም፣ በመጀመሪያው ደረጃም ቁጣው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የእሳት ኳስ እንኳ፣ ልጆቹ ስምንቱን ዳይስ ለመጣል የሚሻሙበት አስማት፣ የሚያነጋግረው በዳይሶቹ ብዛት አይደለም። ከመሃሉ በየአቅጣጫው 20 ጫማ ድረስ ያለውን ወዳጅ ጠላት ሳይለይ ስለሚያቃጥል ነው። «ጓደኛችን እዚያ ውስጥ ነው፤ ይወርወር ወይስ ይቅር?» እዚህ ላይ ሙግት ይነሣል፤ ጨዋታው የሚደምቀውም ያኔ ነው።

ችሎታ ከባለቤቱ አልፎ ሌሎቹንም ይነካል። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 ጨዋታውን ሲያወጡት የነበሩት የገጸ ባሕርይ ዓይነቶች ተዋጊ፣ አስማተኛና ካህን ብቻ ነበሩ። ጥላ ውስጥ መደበቅ ወይም ግድግዳ መውጣት የፈለገ ሁሉ ለመሪው ነግሮ ይሞክር ነበር። በ1975 ግሬይሆክ በተባለው ተጨማሪ መጽሐፍ ሌባው ሲመጣ እነዚህ ነገሮች በመቶኛ ተሰልተው የእርሱ ችሎታ ሆኑ። ያኔ ተዋጊውን «እኔስ መደበቅ እችላለሁ?» የሚያሰኝ ጥርጣሬ ገባ። ለአንዱ የተጻፈ ለሌላው እንደ ክልከላ ይነበባልና። በእኔ ጠረጴዛ ሕጉ አጭር ነው፦ መሞከር የሁሉም ነው፤ ችሎታው ያለው ግን ይበልጣል።

ልጆች ራሳቸው የፈጠሩትን ችሎታ ይዘው ሲመጡም አልከለክልም፤ እጠይቃለሁ። መቼ ያልቃል? እርሱ እየሠራ ሳለ ምን ማድረግ አትችልም? ከጓደኞችህ ለማን ሥራ ይፈጥራል? አንድ ልጅ ሁልጊዜ የማይታይ ሰው መሆን ፈልጎ መጣ። ጥያቄዎቹን ይዞ ሄደና «ትንፋሹን እስከያዘ ድረስ አይታይም» የሚል ጽፎ ተመለሰ። በ2014ቱ ሕግ አንድ ገጸ ባሕርይ ትንፋሹን መያዝ የሚችለው ለ1 ደቂቃና የጽናት ጭማሪው በሚፈቅድለት ተጨማሪ ደቂቃ ያህል ነው፤ የልጁ ጭማሪ 2 ስለሆነ ሦስት ደቂቃ አገኘ ማለት ነው። ትንፋሹን የያዘ ሰው መናገር ስለማይችልም ከመሰወሩ በፊት እቅዱን ለጓደኞቹ ማስረዳት ግድ ሆነበት፤ እነርሱም እርሱ በሌለበት ዘበኞችን የማዘናጋት ሥራ ተካፈሉ። መጀመሪያ ከጠየቀው እጅግ ያነሰ ኃይል ነው፤ በገጸ ባሕርይው ቅጽ ላይ እንዲያሰፍረው የፈቀድሁትም ስላነሰ ነው።