አሮጌ የቤት ኮምፒዩተርን ስለ ማፍጠንና ስለ ቫይረስ መከላከያ

በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ፣ ቤቱ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ብቻ ሲኖረው የተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍም የነጋዴው ሒሳብም በእርሱ ላይ ይሠራል። እንግዲህ ጥቂት ገንዘብ ቢገኝ ለፍጥነት ይዋል ወይስ ለመከላከያ? ይህን ለመመርመር እንሞክራለን።

የዝግታው ምክንያት ብዙ ጊዜ ዲስኩ ነው። ይኸውም እየተሽከረከረ ስለሚያነብ ነው። በምትኩ የማይሽከረከረው ኤስኤስዲ ቢገባ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ራሙን ከ4 ወደ 8 ጊጋባይት ማሳደግም ይረዳል። ኮምፒዩተሩ ሲከፈት አብረው የሚነሡትን ፕሮግራሞች መቀነስ ግን ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ስለ ቫይረስ የሆነ እንደሆነ፣ ሁለት መከላከያ በአንድነት መጫን ያዘገያል እንጂ ጥበቃን አያጠነክርም። ከዊንዶውስ 10 ጋር የሚመጣው ዲፌንደር ለተማሪ ይበቃል። ሆኖም የዊንዶውስ 10 መደበኛ እድሳት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዘበኛው ቢተጋም የአጥሩን ቀዳዳ አይደፍንም። ስለዚህ ዊንዶውስ 11ን ለማይቀበል ኮምፒዩተር ሊኑክስ መጫን ይሻላል። ከማተሚያ ቤት የተመለሰ ፍላሽም ሳይመረመር አይከፈት።

ስለሆነም ገንዘቡ አስቀድሞ ለዲስክ፣ ቀጥሎም ለመጠባበቂያ ቅጂ ይዋል እንላለን፤ አንድ ጊዜ የጠፋውን ጽሑፍ መከላከያ አይመልሰውምና።