የጠፋው ሙቀት የት ገባ?

ባለፈው ቅዳሜ ታናሽ ወንድሜ ደብተሩን ዘርግቶ ላጲስ ሲያነሳ ደረስኩበት። ሊያጠፋ የነበረው 18 የሚል ቁጥር ነው። «ምን ሆነ?» ስለው፣ «ከመጽሐፉ ጋር አልገጠመማ» አለኝ።

የኬሚስትሪ የቤት ሥራ ነው። ኢታኖል ሲቃጠል የሚሰጠውን ሙቀት፣ ማለትም የኢንታልፒ ለውጡን፣ ለክቶ ማቅረብ አለበት። ዘዴው ካሎሪሜትሪ ይባላል፤ ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ኩራዙ ከነአልኮሉ ከመለኮሱ በፊትና በኋላ ይመዘናል። ከላዩ ጣሳ ውስጥ ያለው ውሃ ስንት ዲግሪ እንደጨመረ በቴርሞሜትር ይታያል። ከዚያ የውሃው ክብደት በ4.18 እና በዲግሪው ጭማሪ ይባዛል።

1 ግራም ኢታኖል ተቃጥሎ 200 ግራም ውሃ በ18 ዲግሪ ሞቀ። ይህ 15 ኪሎጁል ያህል ነው። አንድ ሞል ኢታኖል 46 ግራም ስለሚመዝን በሞል 690 ገደማ ይወጣል። መጽሐፉ ግን 1,367 ይላል። ግማሹ የለም!

«መምህሩ መልሱን ነው የሚያየው፤ 35 ተኩል ዲግሪ ብዬ ብጽፍ ይገጥማል» አለኝ።

እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። ሒሳቡ ሁልጊዜ ሳንቲም ሳይጎድል የሚገጥም ሱቅ ሳይ መጀመሪያ የምጠረጥረው መዝገቡን ነው። ላጲሱን ቀማሁትና «ያልተመዘገበውን ወጪ እንፈልግ» አልኩት።

ኩራዙን እንደገና ለኮስነው። እጃችንን ወደ ጣሳው ጎን ስናስጠጋ አየሩ ይፋጃል። ጣሳው ራሱ ግሏል፤ ስሌቱ ውስጥ ግን አልገባም። ሥሩ ጥላሸት ይዟል፤ አልኮሉ በደንብ አልተቃጠለም ማለት ነው። እናታችን አየት አድርጋን «ጉልቻ ላይ ስትጥዱ ነፋሱን አትከልሉም እንዴ?» አለች።

ከለልነው። ዙሪያውን በቆርቆሮ፣ አፉን በክዳን። በዚያው 1 ግራም ውሃው 24 ዲግሪ ጨመረ፤ በሞል 920 ገደማ። የመጽሐፉ ቁጥር ሙቀት እንዳያመልጥ ተደርጎ በተሠራ ዝግ መሣሪያ የሚለካ ነው፤ በጣሳ አይደረስበትም። ግን 35 ተኩልን ፈጥሮ ጽፎ ቢሆን ኖሮ ክዳኑን ለመክደን ምን ምክንያት ይኖረው ነበር?

መምህራን፣ ማርክ የምትሰጡት ለገጠመ ቁጥር ብቻ ከሆነ ላጲሱን የምታቀብሉት እናንተ ናችሁ።

ወንድሜ ሁለቱንም ውጤት ጽፎ፣ ሙቀቱ ያመለጠባቸውን ቦታዎች ዘርዝሮ ሰኞ አስረከበ። ማርኩ ገና አልተመለሰለትም።