በአርዱዊኖ ቦርድና በመለኪያ መሣሪያ መካከል የሲሪያል መስመር ስለ መዘርጋት

የእርሻን ውሃ በትክክል ለማካፈል የመሬቱን እርጥበት በቍጥር ማወቅ ይገባል። ይህንንም ቍጥር ከማሳው ተቀብለው ለጽሕፈት ቤት የሚያደርሱ ትናንሽ የኤሌክትሪክ ቦርዶች አሉ፤ ከእነርሱም አንዱ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2005 ዓመተ ምሕረት በኢጣልያ አገር በኢቭሬያ ከተማ የተጀመረው አርዱዊኖ ነው። ነገር ግን ቦርዱ ተገዝቶ መምጣቱ ብቻ አይበቃም፤ መስመሩ በደንብ ካልተዘረጋ የተሳሳተ ቍጥር ይመጣል፤ በተሳሳተ ቍጥር የተከፈለም ውሃ አንዱን ማሳ ያጥለቀልቃል፤ ሌላውን ያደርቃል። ስለዚህ ሹማምንትና የእርሻ ባለቤቶች ሥራውን ሲያዙና ሲቈጣጠሩ እንዲረዳቸው ይህ ተጻፈ።

በመጀመሪያ፤ ሲሪያል ማለት መልእክትን በአንድ ሽቦ ላይ ቢት በቢት አከታትሎ መላክ ማለት ነው። በተለመደው ሥርዐት ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ የመነሻ ምልክት፤ 8 ቢትና አንድ የመጨረሻ ምልክት፤ በድምሩ 10 ይላካሉ። እንግዲህ ፍጥነቱ በሴኮንድ 9600 ቢት የሆነ መስመር በሴኮንድ 960 ፊደል ያደርሳል። ጊዜውን የሚያስታውቅ ሌላ ሽቦ ስለሌለ፤ ላኪውና ተቀባዩ አስቀድመው በአንድ ፍጥነት መስማማት አለባቸው።

ኹለተኛ፤ ኡኖ በተባለው የአርዱዊኖ ቦርድ 0 ቍጥር ያለበት ቀዳዳ ይቀበላል፤ 1 ቍጥር ያለበት ይልካል። የአንዱ መላኪያ ከሌላው መቀበያ ጋራ ይገናኛል እንጂ መላኪያ ከመላኪያ ጋራ አይገናኝም፤ የተናጋሪ አፍ ወደ ሰሚ ጆሮ እንደሚቀና ነው። የኹለቱም ግራውንድ በሦስተኛ ሽቦ ይያያዛል። ኡኖ በ5 ቮልት የሚሠራ ስለ ሆነ፤ መለኪያው 3.3 ቮልት ብቻ የሚችል ሲሆን ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ የቦርዱ መላኪያ ሽቦ በ1 ሺህ ኦም ሬዚስተር አልፎ ወደ መለኪያው ይግባ፤ ከዚያው መገናኛም ወደ ግራውንድ 2 ሺህ ኦም ይታሰር።

ሦስተኛ፤ በፕሮግራሙ መነሻ «ሲሪያል ቢጊን» የሚለው ትእዛዝ ከ9600 ጋራ ይጻፋል፤ በኮምፒዩተሩም ላይ ይኸው ቍጥር ይመረጣል። ኹለቱ ቀዳዳዎች ለኮምፒዩተሩም የሚያገለግሉ ስለ ሆኑ፤ ፕሮግራም በሚጫንበት ጊዜ የመለኪያው ሽቦ ይነቀል።

አራተኛ፤ ትርጕም የሌለው ፊደል ከመጣ ብዙ ጊዜ የፍጥነት አለመስማማት ነው፤ ምንም ካልመጣ የመላኪያና የመቀበያው ሽቦ ይመርመር፤ መልእክቱ አንዳንዴ እየመጣ አንዳንዴ ከጠፋ የግራውንዱ ሽቦ ይታይ። መለኪያው ከመያያዙ በፊት ቦርዱ ብቻውን የታወቀ ቃል ለኮምፒዩተሩ እንዲልክ ይደረግ፤ ቃሉ ሳይጐድል ከደረሰ መስመሩ ታማኝ ነው።

ማሳው ሩቅ የሆነ እንደ ሆነ ይህ መስመር አይበቃም፤ በዝቅተኛ ፍጥነት እስከ 1200 ሜትር የሚያደርሰው አር ኤስ 485 የተባለው መሣሪያ ይጨመርበታል።

እንግዲህ ማናቸውም ሹም በመስኮቱ የታየውን ቍጥር አምኖ የውሃ ተራ ከመደልደሉ በፊት፤ አፈሩን በእጁ አስነክቶ ከቍጥሩ ጋራ ያስተያይ። መሣሪያ የሚረዳው ለሚመረምረው ነውና።