የተማሪን ምስጢር ስለ መጠበቅ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው የአባቶች ቃል ለሥጋ ሕመም ብቻ የተነገረ አይደለም። የልብ ኀዘንና የሐሳብ ጭንቀትም ሰሚ ካጣ እየቈየ ሰውነትን ያደክማል፤ አእምሮንም ያውካል፤ አንዳንድ ጊዜም እስከ ሞት ያደርሳል። ይሁን እንጂ ሰው ችግሩን የሚሰውረው የምክርን ጥቅም ስላላወቀ ብቻ አይደለም። ነገር ከአፍ ከወጣ አፋፍ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። ስለዚህ ለተማሪ መካሪ መሾም በጎ ሥራ ቢሆንም፥ ምስጢር የማይጠብቅ መካሪ መሾም ካለመሾም እንደማይሻል ሹማምንትም ካህናትም ሊያስተውሉት ይገባል።

ለዚህ ነገር በኢሉባቦር ያለውን ሁኔታ መመልከት ይበቃል። በ2003 ዓ.ም. በተቋቋመው በመቱ ዩኒቨርሲቲ ከልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ክፍል የተመደቡ ወጣቶች ይማራሉ። ከተማው ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከጎጃም ወይም ከሐረር የመጣው ተማሪ የዝናሙን ብዛት ያልለመደ፥ የአገሩን ቋንቋ የማያውቅ፥ በክፉ ቀን የሚጠጋበት ዘመድ የሌለው ነው፤ ችግሩን የሚነግረው ሰው ያጣል። ከጎሬ፥ ከቡሬ፥ ከያዮና ከኡካ የመጣው ደግሞ በተቃራኒው ይቸገራል። የሚያውቀው ሰው እጅግ ብዙ ነውና የነገረው ነገር በገበያ ቀን ከተሳፋሪ ጋራ ተጭኖ ከርሱ አስቀድሞ አባቱ ቤት እንዳይደርስ ይፈራል። እንግዳውም የአገሩም ልጅ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ሰምቶ የማያወራ ሰው ነው።

የሚሰውሩትም ነገር ቀላል አይደለም። አባቱ ቡናውን ሸጦ የላከው ልጅ በፈተና ሲወድቅ ወደ ቤቱ በምን ፊት እንደሚመለስ ይጨነቃል። ሳታስበው ያረገዘች ልጅ፥ በጫት ወይም በመጠጥ ዕዳ የገባ ወጣት፥ በትውልድ ስፍራው የሆነውን ጠብና ሞት በዓይኑ ያየ ተማሪ፥ ሌሊት እንቅልፍ የሌለው ሁሉ ዝም ይላል። ወደ መካሪ ክፍል ሲገባ የታየ እንደሆነም እብድ ተብሎ እንዳይሰደብ ይሸሻል።

እንዲህ ያለው ዝምታ የሚያመጣውን ጉዳት አንድ የእንግሊዝ ቄስ አይተውታል። ቻድ ቫራ የተባሉት እኒህ ቄስ ገና ረዳት ካህን ሳሉ በ1935 እ.ኤ.አ. የ14 ዓመት ልጃገረድ ቀበሩ። ልጅቱ የወር አበባዋ ሲመጣ ክፉ ደዌ የያዛት መስሏት፥ የምትጠይቀውም ሰው አጥታ ራስዋን ገድላ ነበር። ቄሱም ይህን ሳይረሱ በ1953 እ.ኤ.አ. በለንደን በሚያገለግሉበት ቤተ ክርስቲያን ሞትን የተመኘ ሰው ሁሉ የሚደውልበት ስልክ አቆሙ። የሥራው መሠረትም ሰውን ሳይፈርዱ መስማትና የሰሙትን በምስጢር መያዝ ሆነ።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ ካህናት እንግዳ ትምህርት አይደለም። የንስሐ አባት የሰማውን እንዳይገልጥ ቀኖና ያስገድደዋልና። የመንግሥትም ሕግ ከዚህ አይርቅም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 በሙያቸው ያወቁትን ምስጢር የሚያወጡትን ይቀጣል፤ በዚህም ካህኑን ከጠበቃውና ከሐኪሙ ጋራ አንድ ላይ ይቈጥረዋል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቍጥር 1152/2011ም ተቋማት ለተማሪዎቻቸው የምክር አገልግሎት እንዲሰጡ ይሻል። እንግዲህ የጐደለው ሕግ አይደለም፤ በየዕለቱ የሚታይ ጥንቃቄ ነው።

ጥንቃቄውም እንዲህ ያለ ነው። የመካሪው ክፍል ከጥበቃና ከዲሲፕሊን ጽሕፈት ቤት አጠገብ አይሁን፤ ደጁም ሰልፍ ወደሚቆምበት አደባባይ አይመልከት። ተማሪውን የሚመክረው ሰው ማርክ የሚሰጠው መምህር ወይም በጥፋቱ የሚፈርድበት ዳኛ አይሁን። መዝገቡ በስም ፈንታ በቍጥር ይጻፍ፤ ቍልፉም በአንድ እጅ ይያዝ። ሴቶች ልጆች ሴት መካሪ ያግኙ፤ ተማሪውም በሚችለው ቋንቋ የሚሰማው ይፈለግ። የበላይ ሹም ሪፖርት ሲጠይቅ ስንት ተማሪ እንደ መጣ ይነገረው፤ ማን እንደ መጣ ግን አይጠይቅ።

ምስጢርም ወሰን አለው። ተማሪው ራሱን ወይም ሌላውን ሊገድል ቍርጥ ሐሳብ ያደረገ እንደሆነ መካሪው ብቻውን ሊይዘው አይገባም፤ ወደ ሐኪም ማድረስ አለበት። ነገር ግን ይህን ወሰን በመጀመሪያው ቀን ለተማሪው በግልጥ ይንገረው። ሳይነግር የሚያወጣ ከዳተኛ ይባላል፤ ነግሮ የሚያደርግ ግን ነፍስ አዳኝ ነው።

በመቱና በአካባቢዋ ያሉ ካህናት፥ የመስጊድ ኢማሞችና የጸሎት ቤት አገልጋዮችም በዚህ ሥራ ታላቅ ድርሻ አላቸው። ብዙ ተማሪ ከመካሪው በፊት ወደነርሱ ይመጣልና። ጸሎቱን አድርገው ወደ መካሪና ወደ ሐኪም እንዲሄድ ቢያበረታቱት ሃይማኖታቸው አይጐድልባቸውም። ጸበል የሚጠመቀው ሰው መድኃኒቱን እንዲተው ማዘዝ ግን ጉዳት ነው።

ወላጅ ልጁን ለመንግሥት አደራ ብሎ ሲልክ ሥጋውን ብቻ አልላከም፤ ልቡን ጭምር ነው። አደራን የተቀበለ ሁሉ ምስጢሩንም እንደ አደራው ሊጠብቅ ይገባዋል።