የሉዊዚያና ስቴት ታይገርስ የ2019 የውድድር ዘመን

የ2019ኙ የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቡድን በአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል ታሪክ ከታዩት ብርቱ ቡድኖች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 31 ቀን 2019 እስከ ጃንዋሪ 13 ቀን 2020 ድረስ 15 ጨዋታ አድርጎ 15ቱንም አሸነፈ፤ 726 ነጥብም አስቆጠረ። በከፍተኛው የኮሌጅ ደረጃ ከዚያ በፊት በአንድ የውድድር ዘመን ይህን ያህል ያስቆጠረ ቡድን አልነበረም።

በአሜሪካን ፉትቦል ኳሱ በአብዛኛው የሚያዘው በእጅ ነው። ከእያንዳንዱ ወገን 11 ተጫዋቾች 100 ያርድ ርዝመት ባለው ሜዳ ላይ ይሰለፋሉ። ኳስ የያዘው ወገን በ4 ሙከራ ቢያንስ 10 ያርድ ወደፊት መግፋት አለበት፤ ከቻለ ሌላ 4 ሙከራ ያገኛል፣ ካልቻለ ኳሱን ያስረክባል። የመጨረሻውን መስመር ማለፍ ታችዳውን ይባላል፤ 6 ነጥብ ያስገኛል። ኳሱን ለሯጭ መስጠት ወይም ለተቀባይ መወርወር የሚወስነው ኳርተርባክ የሚባለው ተጫዋች ነው፤ የቡድኑ ዕጣ ፈንታ በአመዛኙ በእሱ እጅ ነው።

የኮሌጅ የውድድር ዘመን አጭርና ምሕረት የለሽ ነው። መደበኛው ጨዋታ 12 ብቻ ሲሆን አብዛኛው ቅዳሜ ቅዳሜ ይካሄዳል። ሉዊዚያና ስቴት የሚወዳደርበት ሳውዝኢስተርን ኮንፈረንስ በ2019 በሁለት ምድብ የተከፈሉ 14 ዩኒቨርሲቲዎች ነበሩት፤ የምድቦቹ አሸናፊዎች በዚያን ጊዜ ለዋንጫ ይገናኙ የነበሩት አትላንታ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ኮሚቴ ከመላ አገሪቱ 4 ቡድኖችን ብቻ ለማጠቃለያ ይመርጥ ነበር። ሁለት ጊዜ የተሸነፈ ቡድን ተስፋው የመነመነ ነበር። ተጫዋቾቹ ተማሪዎች ናቸው፤ በዚያን ጊዜ አሠልጣኞች በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ሲከፈላቸው እነሱ ከነፃ ትምህርትና ከኑሮ ድጎማ በቀር ከስማቸው እንኳ ገቢ ማግኘት አይፈቀድላቸውም ነበር። ይህ ክልከላ የተነሣው በ2021 ነው።

የቡድኑ መቀመጫ ባተን ሩዥ ነው። ስታዲየሙ 102,321 ሰው ይይዛል፤ ከአጠገቡ የቡድኑ የታይገርስ (ነብሮች) ስም ምልክት የሆነ፣ ማይክ የሚባል እውነተኛ ነብር በራሱ ቅጥር ውስጥ ይኖራል። ሉዊዚያና ስቴት ለረጅም ጊዜ የሚታወቀው በጠንካራ መከላከልና በጥንቃቄ በተሞላ፣ አንዳንዴም አሰልቺ በሆነ ማጥቃት ነበር። በ2011 አላባማን 9 ለ 6 ያሸነፈው አንድም ታችዳውን ባልታየበት ጨዋታ ነው። ሁለቱ ቡድኖች በዚያው የውድድር ዘመን ፍጻሜ ላይ እንደገና ሲገናኙ ግን አላባማ 21 ለ 0 ረታ፤ ከዚያ ጀምሮ በተከታታይ 8 ጊዜ አሸነፈ። ለሉዊዚያና ሰው ከዚህ የባሰ ቁስል አልነበረም።

አሠልጣኙ ኤድ ኦርጀሮን ላሮዝ ከምትባል የደቡብ ሉዊዚያና ከተማ የወጡ፣ ድምፃቸው የሚሻክር የአገሬው ልጅ ናቸው። ቀደም ሲል በሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ በሦስት ዓመት 10 ጊዜ አሸንፈው 25 ጊዜ ተሸንፈዋልና በ2016 ቡድኑን ሲረከቡ ብዙዎች አልተማመኑባቸውም። ከ2019 በፊት የወሰዱት እርምጃ ግን ሁሉን ለወጠው፤ ከባለሙያው ቡድን ከኒው ኦርሊየንስ ሴይንትስ ጆ ብሬዲ የተባለ የ29 ዓመት ወጣት አስመጥተው ከዋናው የማጥቃት አሠልጣኝ ከስቲቭ ኤንስሚንገር ጋር አጣመሩት። ቡድኑ ተቀባዮቹን በሜዳው ስፋት በትኖ ቶሎ ቶሎ መወርወር ጀመረ። ተከላካዩ አንዱን ሲሸፍን ሌላው ይከፈትበታል።

ለዚህ አጨዋወት የሚሆን ኳርተርባክም ተገኘ። ጆ ቡሮው በኦሃዮ ያደገ፣ በኦሃዮ ስቴት ቦታ አጥቶ ተቀያሪ ሆኖ የቆየና በ2018 ወደ ሉዊዚያና ስቴት የተዛወረ ተጫዋች ነው። በመጀመሪያው ዓመት 16 የታችዳውን ኳስ ወረወረ። በተከታዩ 60 ወረወረ፤ ከወረወራቸው ኳሶችም 76.3 በመቶው ተቀባይ እጅ ገባ። በአንድ ዓመት እንዲህ ያለ መሻሻል እምብዛም አይታይም።

ለውጡ በግልጽ የታየው በሁለተኛው ጨዋታ፣ በቴክሳስ ሜዳ ላይ ነው። ሉዊዚያና ስቴት 37 ለ 31 እየመራ ጨዋታው ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ሦስተኛ ሙከራ ላይ 17 ያርድ ቀረው። የድሮው ቡድን ቢሆን ኳሱን ለሯጭ ሰጥቶ ሰዓቱን ይገፋ ነበር። ቴክሳስ ብዙ ሰው ልኮ ሊጥለው ሲሞክር ቡሮው አንድ ሁለት እርምጃ ወደፊት ሸሸና ለተቀባዩ ለጀስቲን ጄፈርሰን ወረወረ፤ ጄፈርሰን 61 ያርዱን ጨርሶ ገባ። ውጤቱ 45 ለ 38 ሆነ።

ከዚያ በኋላ ፍሎሪዳ 42 ለ 28 ተሸነፈ። ኦበርን ግን አስጨነቀ፤ 23 ለ 20 ያበቃው ያ ጨዋታ ሉዊዚያና ስቴት በዚያ ዓመት ዝቅተኛውን ነጥብ ያስቆጠረበት ነው። ኖቬምበር 9 ቀን በአላባማ ሜዳ፣ በመጀመሪያው አጋማሽ 33 ለ 13 ቢመራም አላባማ እስከ መጨረሻው ተከታተለው፤ ቁመተ አጭሩ ሯጭ ክላይድ ኤድዋርድስ ሄለየር 4 ታችዳውን አስቆጥሮ 46 ለ 41 አበቃ። የስምንቱ ሽንፈት ዕዳ በዚያ ቀን ተከፈለ። የሜዳቸው የመጨረሻ ጨዋታ ዕለት ቡሮው ስሙ በሉዊዚያና ፈረንሳይኛ አጻጻፍ የታተመበትን ማሊያ ለብሶ ለሕዝቡ ታየ፤ ቴክሳስ ኤይ ኤንድ ኤምም 50 ለ 7 ተረታ።

በኮንፈረንሱ ፍጻሜ ጆርጂያን 37 ለ 10 ካሸነፉ ከሳምንት በኋላ ቡሮው የዓመቱን ምርጥ ተጫዋች ሽልማት፣ ሃይዝማንን፣ በታሪክ ትልቁ በሆነ የድምፅ ልዩነት ወሰደ። ንግግሩ ላይ ባደገበት አካባቢ የሚራቡ ሕፃናት እንዳሉ ተናገረ፤ በሳምንታት ውስጥ ለአካባቢው የምግብ ዕርዳታ ከ500,000 ዶላር በላይ ተዋጣ።

በዲሴምበር 28ቱ የግማሽ ፍጻሜ ዕለት ኀዘን ደረሰ። የኤንስሚንገር ምራት ወደ ጨዋታው ስትሄድ በአውሮፕላን አደጋ ሞተች። እሳቸው መርዶውን ሰምተውም ሥራቸው ላይ ተገኙ። ቡሮው በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ 7 የታችዳውን ኳስ ወረወረ፤ ኦክላሆማ 63 ለ 28 ተሸነፈ። ፍጻሜው የተካሄደው እዚያው ሉዊዚያና፣ ኒው ኦርሊየንስ ውስጥ ነው። 29 ጨዋታ ሳይሸነፍ የመጣው ክሌምሰን 17 ለ 7 መራ፤ ተቀባዩ ጃማር ቼዝ በ221 ያርድ ቅበላ መከላከያውን ሲበጣጥሰው ግን ውጤቱ ተገለበጠና 42 ለ 25 ተጠናቀቀ።

ቡድኑ ወዲያው ተበተነ። ብሬዲ ወደ ካሮላይና ፓንተርስ፣ የመከላከያው አሠልጣኝ ዴቭ አራንዳ ወደ ቤይለር ሄዱ። በኤፕሪል 2020 የባለሙያ ቡድኖች ምርጫ 14 ተጫዋቾች ተወሰዱ፤ ቡሮው የመላው ምርጫ የመጀመሪያ ሆኖ ሲንሲናቲ ቤንጋልስ ገባ። በሚቀጥለው የውድድር ዘመን ሉዊዚያና ስቴት 5 አሸንፎ 5 ተሸነፈ፤ ኦርጀሮንም በ2021 መጨረሻ ከቡድኑ ተለያዩ።