ቤተሰብና ባሕር፦ የአንድ ቀን ሽርሽር በቶቤጎ ደሴት

ቢስሚላሂ-ር-ረሕማኒ-ር-ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ውድ አንባቢያን፣ ስለ መዝናናት ሲነሳ በብዙ ሙስሊም ቤተሰብ ዘንድ ሁለት ዓይነት አመለካከት ይታያል። አንደኛው «ባሕር ዳርቻ የኛ ቦታ አይደለም» ብሎ በሩን ጨርሶ የሚዘጋ ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ለአንድ ቀን ምን አለበት» በሚል ሶላቱንም ሐያኡንም ቤት አስቀምጦ የሚወጣ ነው። በሁለቱ መካከል ብዙ ጊዜ የማናስተውላት አንዲት ልጅ አለች። ወንድሞቿ ውኃ ሲገቡ እርሷ ጥላ ሥር ተቀምጣ ጫማና ልብስ ትጠብቃለች። ሲመለሱም ስላዩት ዓሣ ይነግሯታል። ይህች ልጅ ስታድግ «ይህን ሁሉ የከለከለኝ ዲኔ ነው» ብላ ብታስብ ተጠያቂው ማን ነው? ዲኑ ነው ወይስ ሳይዘጋጅ የወጣው ቤተሰብ?

በዚህ ጽሑፋችን በካሪቢያን አካባቢ የምትገኘውን የቶቤጎን ደሴት ምሳሌ አድርገን፣ አንድ ሙስሊም ቤተሰብ ባሕርን እንዴት ሊያይ እንደሚችል እንመለከታለን። በአሜሪካና በካናዳ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ቦታው ሩቅ አይደለም። አገር ቤት ላለነውም ትምህርቱ የሚቀር አይደለም።

ባሕርና የሙስሊም ሴቶች

አላህ (ሱ.ወ.) በቁርኣን ውስጥ ባሕርን ደጋግሞ ከኒዕማዎቹ መካከል ይቆጥረዋል። በሡረቱ-ን-ነሕል ከባሕር ስለሚገኘው ትኩስ ሥጋና ስለሚወጣው ጌጥ ያነሳል። በሡረቱ-ር-ረሕማን ደግሞ ሉልንና መርጃንን ይጠቅሳል። መርጃን ከፊሎቹ ሙፈሲሮች ትንንሽ ሉል ነው ሲሉ ሌሎቹ በባሕር ውስጥ የሚገኘው ኮራል ነው ብለዋል።

ባሕር ደግሞ ለወንዶች ብቻ የተተወ አልነበረም። ከሐበሻ ምድር ከጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ጋር በመርከብ ተሳፍረው በ7ኛው ዓመተ ሒጅራ መዲና ከገቡት መካከል ባለቤታቸው አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ.) ይገኙበታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለእነዚህ የመርከብ ሰዎች የሁለት ሒጅራ ምንዳ እንዳላቸው የነገሯቸው በእርሳቸው ጥያቄ መነሻነት ነው። ኡሙ ሐራም ቢንት ሚልሓንም (ረ.ዐ.) በባሕር ላይ ከሚጓዙት አንዷ እንዲሆኑ ዱዓ እንዲያደርጉላቸው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠይቀው ነበር። ዱዓው ተሳክቶ ከባለቤታቸው ጋር ባሕር ተሻግረዋል። ያረፉትም በቆጵሮስ ደሴት ነው።

እርግጥ ነው፣ የእነዚህ እናቶቻችን ጉዞ ለሽርሽር አልነበረም። ይሁን እንጂ ሐያእ ያላት ሴት ከባሕር ጋር አትገናኝም ለሚል ሰው በቂ መልስ ይሆናል። መዝናናትን በተመለከተም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከዓኢሻ (ረ.ዐ.) ጋር ሩጫ መወዳደራቸው የታወቀ ነው። አን-ነሳኢ በዘገቡት ሐዲስም ዋና መማር ከከንቱ ጨዋታ አይቆጠርም።

ቶቤጎ የት ናት?

ቶቤጎ ከታላቋ ደሴት ከትሪኒዳድ ጋር አንድ አገር ናት። አገሪቱ ከእንግሊዝ ነፃ የወጣችው በ1962 እ.ኤ.አ. ነው። ቶቤጎ 300 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያላት ሲሆን፣ ከምድር ወገብ ያላት ርቀት ከደሴ ከተማ ጋር ተቀራራቢ ነው። ሁለቱም በ11 ዲግሪ ሰሜን አካባቢ ይገኛሉ። ልዩነቱ ደሴ ላይ ሶላት የሚሰግድ ሰው ፊቱን ወደ ሰሜን ሲያዞር፣ ቶቤጎ ላይ ያለው ግን ከምሥራቅ ጥቂት ወደ ግራ ማዞሩ ነው። በሰኔ ወር ፀሐይ የምትወጣው ለቂብላው በጣም ቀርባ ስለሆነ ኮምፓስ ለሌለው ቤተሰብ ጥሩ ምልክት ናት።

በአገሪቱ ሙስሊሞች ከመቶ 5 ያህል ናቸው፤ አብዛኞቹም የሚኖሩት ትሪኒዳድ ላይ ነው። ዒድ አል-ፊጥር ብሔራዊ በዓል ነው። እስልምና ወደዚያ የገባው በባሕር ሲሆን፣ አመጣጡም በመከራ የተሞላ ነበር። በመጀመሪያ በባርነት ከምዕራብ አፍሪካ የተወሰዱ የማንዲንጎ ሙስሊሞች ነበሩ። ከእነርሱ መካከል ነፃነታቸውን ያገኙት በፖርት ኦፍ ስፔን ተሰባስበው፣ ዮናስ ሙሐመድ ባት በሚባሉ መሪያቸው አማካይነት ወደ አፍሪካ እንዲመለሱ በ1830ዎቹ ለእንግሊዝ መንግሥት አቤቱታ አቅርበዋል። ቀጥሎ በግንቦት 30 ቀን 1845 እ.ኤ.አ. «ፋተል ረዛቅ» የተባለችው መርከብ ከ200 የሚበልጡ የሕንድ የኮንትራት ሠራተኞችን ይዛ ደረሰች። በመካከላቸውም ሙስሊሞች ነበሩ። ስለዚህ ከትሪኒዳድ ለአንድ ቀን ወደ ቶቤጎ የሚሻገር ሙስሊም ቤተሰብ ሲያጋጥመን፣ አያቶቹ ያለፈቃዳቸው ወይም በችግር ተገደው ያቋረጡትን ባሕር ዛሬ ልጆቹ በደስታ የሚያዩት መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ቀኑ እንዴት ይውላል?

ከትሪኒዳድ ወደ ቶቤጎ በአውሮፕላን ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በመርከብ ሰዓታት የሚፈጅ ሲሆን ማዕበሉ የማያስማማው ሰው አስቀድሞ ይዘጋጅ። የአውሮፕላን ማረፊያው ከስቶር ቤይ የባሕር ዳርቻ በእግር የሚደረስ ነው። ከዚያ፣ ከፒጅን ፖይንት ወይም ከቡኩ መንደር ወለላቸው መስታወት የሆነ ጀልባዎች ይነሳሉ። ተሳፋሪው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ወደ ታች ሲመለከት የባሕሩን ወለል ያያል። ይህ ውኃ ውስጥ መግባት ለማትፈልግ እናት ወይም ለማትችል አያት ትልቅ ጸጋ ነው።

ጀልባው የሚያመራው ቡኩ ሪፍ ወደሚባለው የኮራል ክልል ነው። እዚያ የሚፈልግ ሰው በስኖርክል ይመለከታል። ስኖርክል ማለት ዓይንና አፍንጫን የሚሸፍን መነጽር አድርጎ፣ አንድ ጫፉ ከውኃ በላይ በሚቀር ቱቦ በአፍ እየተነፈሱ ፊትን ውኃ ውስጥ አድርጎ መንሳፈፍ ነው። ጠላቂ መሆን አያስፈልግም። በመመለሻው ላይ ጀልባው ናይሎን ፑል በሚባለው ቦታ ይቆማል። ይህ ከዳርቻው ርቆ በባሕር መካከል የሚገኝ የአሸዋ ደለል ሲሆን፣ ውኃው አንድ ሜትር ያህል ብቻ ጥልቀት ስላለው አዋቂ ሰው ቆሞ ይራመድበታል። ስሙም የእንግሊዟ ልዕልት ማርጋሬት ስትጎበኘው ውኃውን ከናይሎን ካልሲዋ ጥራት ጋር በማመሳሰሏ የወጣ ነው ይባላል።

ሕይወት ያለው ድንጋይ

ለልጆች ከሁሉ በላይ ሊብራራላቸው የሚገባው ኮራል ራሱ ነው። ሲያዩት ድንጋይ ወይም ተክል ይመስላል። በእርግጥ ግን እጅግ ትንንሽ እንስሳት አንድ ላይ ሆነው የኖራ ቤታቸውን እየገነቡ የሠሩት ነው። በሰውነታቸው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ፤ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ሠርተው ለኮራሉ ያካፍሉታል፣ ቀለሙንም ይሰጡታል። ኮራሉም በፈንታው መጠለያ ይሆናቸዋል። የሰው አንጎል የሚመስለው የኮራል ዓይነት በዓመት የሚያድገው ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። በመሆኑም አንድ ልጅ በእግሩ ረግጦ የሚሰብረው ቁራጭ ከራሱ ዕድሜ የሚበልጥ ሊሆን ይችላል። በቀቀን ዓሣ የሚባለው ዓሣ ደግሞ ኮራሉ ላይ ያለውን አልጌ እየፋቀ ሲበላ ድንጋዩንም ይፈጫል፤ የፈጨውንም አሸዋ አድርጎ ያስወጣዋል። ነጩ አሸዋ ከፊሉ የእርሱ ሥራ ነው። ሱብሐነላህ!

ይህ ኒዕማ ግን አደጋ ላይ ነው። ውኃው ከመጠን በላይ ሲሞቅ ኮራሉ አልጌውን ያስወጣል፣ ይነጣል፣ ሙቀቱ ከቆየም በረሃብ ይሞታል። በ2005 እና በ2010 እ.ኤ.አ. የቶቤጎ ኮራሎች በዚህ ተመትተዋል። ቡኩ ሪፍ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የተከለለ ቢሆንም፣ ለብዙ ዓመታት ጎብኚዎች የፕላስቲክ ጫማ አድርገው በላዩ ላይ ሲራመዱበት ኖረዋል። በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ አንድ ባርጅ በደሴቲቱ ደቡባዊ ዳርቻ ተገልብጦ ነዳጅ ባሕሩ ላይ ፈሷል። በሌላ በኩል ቶቤጎ ተራራማ ደኗን ዝናብ እንዳይርቃት በማለት በ1776 እ.ኤ.አ. በሕግ የከለለች ደሴት ናት። አላህ የሰውን ልጅ በምድር ላይ ኸሊፋ ሲያደርገው አማና ሰጥቶታል። ስለዚህ ለልጆቻችን «አትንካ፣ አትርገጥ፣ ቁራጭ ይዘህ አትምጣ» ማለት የአማናው አካል ነው።

ሐያእና አለባበስ

እዚህ ላይ ግልጽ እንሁን። ተራ ዐባያ ወይም ጅልባብ ለብሶ ጥልቅ ውኃ መግባት አደገኛ ነው። ጨርቁ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ እግርም ይጠልፋል። ለዚህ ተብሎ የተሠራ ልብስ አለ። ቡርኪኒ የሚባለው በ2004 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ በአንዲት ሙስሊም ሴት የተሠራ ሲሆን ውኃ የማይጠጣ ቀላል ጨርቅ ነው። ሲረጥብ ሰውነት ላይ እንዳይጣበቅ ሰፋ ያለውን መምረጥ፣ ከላይም ሌላ ሰፊ ሸሚዝ መደረብ ይቻላል። ወንዶችም ዐውራቸው ከእምብርት እስከ ጉልበት መሆኑን አይርሱ፤ ቁምጣ በማጠር የሚወዳደሩ ወጣቶቻችን ይህን ያስቡበት።

ሁለት ትንንሽ ነገሮችን እንጨምር። አንደኛ፣ የስኖርክል መነጽር ጠርዝ ቆዳ ላይ ካላረፈ ውኃ ያስገባል። ስለዚህ ሒጃቡ ከመነጽሩ ጠርዝ ሥር እንዳይገባ ይስተካከል። ወንዶችም ረጅም ሪዝ ካላቸው ውኃ በአፍንጫቸው በኩል ይገባባቸዋል። ሪዝን ማሳጠር ሱና መሆኑን ለሚዘነጋ ባሕሩ ራሱ ያስታውሰዋል! ሁለተኛ፣ ከፀሐይ የሚከላከሉ አንዳንድ ቅባቶች ኮራልን የሚጎዳ ንጥረ ነገር አላቸው። በዚህም ምክንያት የአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶች ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክለዋቸዋል። ሰውነቱን በልብስ የሸፈነ ሰው የሚቀባው ፊቱንና እጁን ብቻ በመሆኑ ለባሕሩም የተሻለ ነው።

በጀልባው ላይ ስለሚኖረው ሁኔታ ሳይሳፈሩ በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ጀልባ ጭፈራና መጠጥ ያለበት ነው። ሁለት ሦስት ቤተሰብ ሆኖ አንድ ጀልባ ለብቻ መኮናተር፣ ከሳምንቱ መጨረሻ ይልቅ የሥራ ቀን መምረጥ፣ ከሕዝቡ ራቅ ብሎ መቆምን ከጀልባው ባለቤት ጋር አስቀድሞ መስማማት ይቻላል። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ዓይንን መስበር ነው፤ እርሱም በገበያም በመንገድም የታዘዝንበት ነው።

ሶላትና ምግብ

የጀልባው ጉዞ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተነሳ ከዝሁር በፊት ይመለሳል። ዝሁርን ሰግዶ የተነሳም ብዙውን ጊዜ ለዐስር ይደርሳል። ለውዱእ ውኃ ፍለጋ መጨነቅ አያስፈልግም፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የባሕር ውኃ ንጹሕ መሆኑን ነግረውናል። መንገደኛ ዝሁርንና ዐስርን ስለ ማጣመሩ በሻፊዒ መዝሀብ መስፈርቱ ሲሟላ የሚፈቀድ ሲሆን በሐነፊ መዝሀብ ከሐጅ ውጭ አይጣመርም። ስለዚህ ቤተሰቡ የሚከተለውን ዓሊም ከመነሳቱ በፊት ይጠይቅ።

ስቶር ቤይ ላይ የታወቀው ምግብ ሸርጣን በካሪ ነው። ሸርጣን በሐነፊ መዝሀብ አይበላም፤ በሻፊዒዮችም ዘንድ ልዩነት አለበት። ዓሣ ግን ክርክር የለበትም። ልጆች «ደብልስ» የሚባለውን ይቅመሱ። በዘይት በተጠበሰ ስስ ቂጣ መካከል የሽምብራ ወጥ ያለበት ምግብ ነው። በ1936 እ.ኤ.አ. በትሪኒዳድ ፕሪንስ ታውን ከተማ የዲን ቤተሰብ የጀመረው ሲሆን ዛሬ የአገሪቱ ሰው ሁሉ ቁርስ ሆኗል።

ነፍስን መጠበቅ

ነፍስን መጠበቅ ከሸሪዓ ዓላማዎች አንዱ ነው። በመሆኑም የሚከተሉትን እናሳስባለን።

• ጀልባ ላይ ልጅም አዋቂም የመንሳፈፊያ ጃኬት ይልበስ።
• በስኖርክል ማንም ብቻውን አይሂድ፤ ሁለት ሁለት ሆኖ ይመልከት። አንድ አዋቂም ልጆቹን ብቻ ይጠብቅ።
• ወደ ጥልቅ የሚወስድ ሞገድ የያዘው ሰው ከሞገዱ ጋር አይታገል፤ ወደ ጎን እየዋኘ ይውጣ።
• በካሪቢያን ዳርቻዎች ማንቺኒል የሚባል ዛፍ አለ። ፍሬው ትንሽ አረንጓዴ ፖም ይመስላል፣ መርዝ ነው። ወተቱ ቆዳ ያቆስላል። ዝናብ ሲመጣ ከሥሩ መጠለል አይገባም።
• ከጥር እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ደረቅ ነው። አውሎ ነፋስ ቶቤጎን የሚመታት አልፎ አልፎ ቢሆንም በመስከረም 1963 እ.ኤ.አ. ፍሎራ የተባለው ክፉኛ ጎድቷታል። ስለዚህ የአየር ሁኔታ ትንበያን ሳይሰሙ መነሳት አይገባም።

ውድ ወላጆች፣ እኛ አገር ባሕር ባይኖረንም ላንጋኖና ሐይቅ አሉን። የልብሱ፣ የሶላቱና የጥበቃው ዝግጅት እዚያም ያው ነው። ልጅቱ መነጽሯን አድርጋ ፊቷን ውኃ ውስጥ ስትከት የምታየውን ዓለም የፈጠረው የምትሰግድለት ጌታ ነው። ሱብሐነላህ የሚለው ቃል ከልቧ እንዲወጣ ከፈለግን ልብስ ጠባቂ አድርገን አናስቀራት። ለዚህ የሚያስፈልገው አስቀድሞ መዘጋጀት ብቻ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ቤተሰቦቻችንን በየብስም በባሕርም ይጠብቅልን፤ ኒዕማውን አይተው ከሚያመሰግኑት ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።