የሪቮልቨር ምላጭ ክብደት

የሪቮልቨር ምላጭ ክብደት መሣሪያው እንዲተኩስ ጣት በምላጩ ላይ ማሳረፍ ያለበት የኃይል መጠን ሲሆን ብዙውን ጊዜ በኪሎግራም ይለካል። እጃቸው በእርጅና፣ በመገጣጠሚያ ሕመም፣ በስትሮክ ወይም በነርቭ ጉዳት ለደከመ ተኳሾች ይህ መጠን ወሳኝ ነው።

አሠራር

ሪቮልቨር ጥይቶቹን በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ የሚይዝ ሽጉጥ ነው። ሳሙኤል ኮልት እ.ኤ.አ. በ1836 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኘበት ዓይነት «ነጠላ ተግባር» ይባላል። ተኳሹ መዶሻውን በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ ይወጥራል፤ የምላጩ ሥራ የተወጠረውን መልቀቅ ብቻ ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1851 ባወጣው ሪቮልቨር ግን ምላጩ ራሱ ከበሮውን ያዞራል፣ መዶሻውንም ወጥሮ ይለቃል። ከዚያ በኋላ የመጡት አብዛኞቹ «ድርብ ተግባር» የሚባሉ ሪቮልቨሮች በሁለቱም መንገድ ይተኩሳሉ።

በነጌሌ ቦረናና በሊበን ቆላማ ከተሞች ከሪቮልቨር ይልቅ የሚታወቀው ክላሽንኮቭ ስለሆነ ልዩነቱን በእሱ ማስረዳት ይቀላል። የክላሽ ቃታ በክንድ ጉልበት ይሳባል፤ ምላጩ ደግሞ የተወጠረውን ይለቃል። (በንግግር «ቃታ ሳበ» ሲባል ብዙ ጊዜ ምላጩን ማለት ነው፤ ክፍሎቹ ግን የተለያዩ ናቸው።) በድርብ ተግባር ሪቮልቨር ሁለቱም ሥራ በአንድ ጣት ላይ ይወድቃል።

በዚህም የተነሳ በነጠላ ተግባር 2 ኪሎግራም አካባቢ የሆነው ክብደት በድርብ ተግባር 5 ኪሎግራም ገደማ ይደርሳል። ይህም ውሃ የሞላ ባለ 5 ሊትር ጄሪካን በአመልካች ጣት እንደ ማንሳት ነው። ለሩሲያ ጦር የተሠራው ናጋንት የ1895 ሞዴል ከበሮውን ወደ ፊት ጭምር ስለሚገፋ ከ9 ኪሎግራም በላይ ሊጠይቅ ይችላል።

ለደከመ እጅ ማስተካከል

ቀላሉ መፍትሔ ምንም ነገር አለመቀየር ነው፤ አውራ ጣት ጉልበት ካለው፣ ወይም ሌላኛው እጅ ከረዳ፣ መዶሻውን አስቀድሞ መወጠር ይቻላል። ቀጥሎ የሚታየው እጀታው ነው። እጀታው ሲወፍር ጣት ምላጩን በጫፉ ብቻ ይነካዋል፤ ቀጭን እጀታ ግን ጣቱ እስከ መጀመሪያው አንጓ እንዲደርስ ስለሚያደርግ የተሻለ ጉልበት ይሰጣል።

ከዚህ በላይ ያለው የባለሙያ ሥራ ነው። እርስ በርስ የሚፋተጉት የውስጥ ክፍሎች ሲለሰልሱ ምላጩ ሳይንገጫገጭ ይሄዳል፤ ክብደቱ በቁጥር ብዙ ባይቀንስም ለጣት የቀለለ ይመስላል። ሞላውን መቀየር ግን ዋጋ አለው። መዶሻውን የሚወነጭፈው ያው ሞላ ስለሆነ ከልክ በላይ ሲላላ መዶሻው የጥይቱን ማቀጣጠያ በደንብ አይመታውም፣ ጥይቱም ይከሽፋል። ምላጩን የሚመልሰው ሞላ ሲላላ ደግሞ ምላጩ ወደ ቦታው ላይመለስ ይችላል። ትንሽ ጥይት መምረጥም ሁልጊዜ አይረዳም፤ ጠርዙ ላይ የሚመታው .22 ጥይት ጠንካራ ምት ስለሚፈልግ የሪቮልቨሩ ምላጭ ብዙ ጊዜ ይከብዳል።

ዋናው አደጋ ድካምንና መደንዘዝን አንድ አድርጎ ማየት ነው። የስኳር በሽታና የሥጋ ደዌ የእጅ ነርቭ ሲጎዱ ጣት ጉልበቱን ብቻ ሳይሆን የመዳሰስ ስሜቱንም ሊያጣ ይችላል። ምላጩን መንካቱን በማያውቅ ወይም በሚንቀጠቀጥ ጣት ሥር የቀለለ ምላጭ ሳይታሰብ ይተኩሳል። እንዲህ ላለው ሰው ከባዱ ምላጭ መከላከያው ነው፤ ማቅለሉ እርዳታ አይሆንም።

በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ መያዝና መጠገን በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሥር የሚታይ ስለሆነ እንዲህ ያለውን ማስተካከያ በየጋራዡ ማሠራት አይቻልም።

በስፖርት

ውድድሮች የምላጭን ዝቅተኛ ክብደት ይወስናሉ። ለ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ 500 ግራም፣ ለ25 ሜትር ሽጉጥ 1000 ግራም ነው፤ ማለትም የግማሽ ሊትርና የአንድ ሊትር ውሃ ያህል። ተኩስ በፓራሊምፒክ የገባው እ.ኤ.አ. በ1976 በቶሮንቶ ነው። በዚያ ኤስኤች2 በሚባለው ምድብ የሚወዳደሩት ጠመንጃውን በክንዳቸው መሸከም ስለማይችሉ ባለ ሞላ መደገፊያ ይፈቀድላቸዋል። ሃንጋሪያዊው ካሮሊ ታካች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1938 ቀኝ እጁን የእጅ ቦምብ ከጎዳው በኋላ መሣሪያውን ከመለወጥ ይልቅ በግራ እጁ መተኮስን ተማረ፤ በ1948 እና በ1952 ኦሊምፒክ በፈጣን ተኩስ ሽጉጥ ወርቅ አግኝቷል።